91 ኪሎ ልጅዎ 6 ኪሎ ከመጣሉ በፊት የተወለደበትን ዓመት ይቁጠሩ

እህቴ፣ የጻፉትን አነበብኩት። ልጅዎ ጥቅምት 2003 የተወለደ ነው፣ 91 ኪሎ ይመዝናል፣ በትግል የሚወዳደረው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። አሰልጣኙ «ዩ-15 ነህ፣ ጣሪያው 85 ነው፣ በሦስት ሳምንት 6 ኪሎ ጣል» ብሎታል፤ ዩ-15 የዕድሜ ምድብ ነው፣ 85 ደግሞ የምድቡ የመጨረሻ ኪሎ። እርስዎም «ለከባድ ልጅ ምድብ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። «ራት አስተዪው»፣ «ሎሚ በሙቅ ውሃ ስጪው» የሚለውን ምክር ለጊዜው ይተዉት። እዚህ ሀዋሳ ወፈር ያለ ልጅ ሲታይ ወይ በረኛ ይደረጋል ወይ ላስቲክ ለብሶ ታቦር ተራራ ላይ ይሮጣል፤ ሌላ ያሰበለት የለም። የእርስዎ ልጅ ችግር ግን ሆዱ ጋ አይደለም፣ የዓመት ሂሳቡ ጋ ነው።

1. ዓመቱን እንቁጠር። በዓለም አቀፉ የትግል ማኅበር (ዩናይትድ ወርልድ ሬስሊንግ) ደንብ የልደት ቀኑ አይታይም። ውድድሩ ከሚካሄድበት ዓመት ላይ የተወለደበት ዓመት ይቀነሳል፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ዩ-15 የሚባሉት በዚያ ዓመት 14 ወይም 15 የሚሆናቸው ናቸው፤ ዩ-17 ደግሞ 16 እና 17። ጥቅምት 2003 በፈረንጅ 2010 ነው። የዘንድሮ ሚያዝያ 2026 ነው። ሲቀነስ 16። ልጅዎ ዩ-17 ነው ማለት ነው። ዩ-15 ውስጥ ቢታገል እንኳ ተቃዋሚው ወረቀቱን አይቶ ቢከስ ያሸነፈው ሁሉ ይሰረዝበታል።

ስህተቱ የት ገባ ቢሉ፣ ሁሉም ሰው ስምንት ይደምራል። 2003 ሲደመር 8፣ 2011፣ ስለዚህ 15 ዓመት። ስምንት የሚደመረው ግን ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ወዲህ ለተወለደ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰባት ነው የሚደመርለት (ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። የልደት ምስክር ወረቀቱን አውጥተው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቀን ይዩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ ጥቅምቱ ትክክል ሆኖ የፈረንጁ ዓመት 2011 ተብሎ የተጻፈበት ያጋጥማል። ሊያስተካክሉ ሲሄዱ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ያው አንድ ዓመት ነው፣ ምን ያጣድፍዎታል» ሊልዎት ይችላል። አንድ ዓመቱ 25 ኪሎ ነው ይበሉት፤ የዩ-15 ጣሪያ 85፣ የዩ-17 ጣሪያ 110 ነው! የክትባት ካርዱን፣ ካለም የክርስትና ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ በቃል ብቻ የሚያስተካክል የለም። በር ላይ ተሰልፎ መመላለሱ ያናድዳል፣ ልጅን ውሃ ከመከልከል ግን ይሻላል።

2. አሁን ኪሎዎቹን ይመልከቱ። ለወንዶች በነፃ ትግልም በግሪኮ ሮማንም (እግር መያዝ በማይፈቀድበት ትግል) አንድ ናቸው። ዩ-15፦ ከ34 እስከ 38፣ ከዚያ 41፣ 44፣ 48፣ 52፣ 57፣ 62፣ 68፣ 75፣ 85። ዩ-17፦ ከ41 እስከ 45፣ ከዚያ 48፣ 51፣ 55፣ 60፣ 65፣ 71፣ 80፣ 92፣ 110። ልጅዎ 91 ከሆነ ዛሬ ምንም ሳይጥል 92 ውስጥ ነው። አንድ ግራም መቀነስ የለበትም።

ከቴኳንዶ ቤት ለመጡ ወላጆች ግራ የሚያጋባው ነገር ጣሪያው ነው። በቴኳንዶ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ወንዶች የመጨረሻው ምድብ «ከ65 በላይ» ነው፤ 66 ቢሆን 96 ያው ነው፣ ይገባል። በጁዶም ከ18 ዓመት በታች «ከ90 በላይ» ክፍት ነው። ትግል ላይ ከባዱም ምድብ ተዘግቷል፤ 85 ማለት 85 ነው፣ 110 ማለት 110። ትግል ሰውን አንስቶ መጣልና ከላይ ሆኖ መጫን ስለሆነ የ75 ኪሎ ልጅ ደረት ላይ 120 ኪሎ እንዳያርፍ ነው። ደንቡን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ጣሪያውን ብቻ አይቶ ዓመቱን የማያይ አሰልጣኝ ነው።

የልጅዎ ወረቀት በእርግጥም ጥር 2003 ቢልስ? ያኔ 2011 ነው፣ 15 ዓመት። በሩ ያኔም አልተዘጋም። 15 የሞላው ልጅ የሐኪም ምስክር ወረቀትና የወላጅ ፈቃድ ካቀረበ ዩ-17 ውስጥ መታገል ይችላል። የሐኪሙ ወረቀት «ጤነኛ ነው» ብቻ የሚል እንዳይሆን፤ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር ትግል ለመወዳደር ብቁ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ፣ ማኅተምና ቀን ይኑረው። የወላጅ ፈቃዱን ሁለት ቅጂ ያድርጉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል።

14 ዓመት ሆኖ ከ85 በላይ የሆነ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የእናንተ ነገር ከባድ ነው። በዚህ ደንብ ምድብ የለውም። አወዳዳሪውን ከውጤት ውጪ የሆነ የወዳጅነት ግጥሚያ ጠይቁ፣ ዓመቱ እስኪሞላም ልምምዱን አያቋርጥ። የሴት ልጆች ጣሪያ ከዚህም ይብሳል፦ ዩ-15 ላይ 66፣ ዩ-17 ላይ 73። 75 ኪሎ የምትመዝን ጠንካራ የ16 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ንዴቱ ይገባኛል።

ሌላ ጥንቃቄ። የትምህርት ቤትና የክፍለ ከተማ ውድድር አዘጋጆች የራሳቸውን ሰንጠረዥ የሚያወጡበት ጊዜ አለ፣ ባህላዊ ትግልም የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ አዘጋጁን «የዕድሜና የኪሎ ሰንጠረዡን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ዕድሜ በምን ዓመት ነው የምትቆጥሩት?» ብለው ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ኪሎ ኪሎ አይደለም።

3. ስለ 6 ኪሎው። ልጁ መቀነስ ባይኖርበትም አሰልጣኙ ሌላ ልጅ ላይ እንዳይደግመው ሂሳቡን ያሳዩት። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትግል ደንብ አንድ ልጅ በሳምንት ከክብደቱ 1.5 በመቶ በላይ መቀነስ አይፈቀድለትም። ከ91 ኪሎ ይህ 1.36 ኪሎ ነው፤ በሦስት ሳምንት ወደ 4 ኪሎ። እሱም የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ስድስቱን ለመሙላት የቀረው 2 ኪሎ ከውሃ ነው የሚወጣው። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው፣ ሚዛን ላይ ያስደስታል። ግን ደሙ ይወፍራል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወር ገደማ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች እንዲህ በላብ ኪሎ ሲጥሉ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ደንብ ሳውናና የላስቲክ ልብስ ከልክሏል። ልጆቹ ወጣት፣ ጤነኛና አሰልጣኝ ያላቸው ነበሩ። እኛ ጋ ደግሞ መጋቢት ላይ ከቀትር በኋላ ያለውን የሀዋሳ ፀሐይ እናውቀዋለን፣ ልጁን በዚያ ሰዓት ላስቲክ አልብሶ አስፋልት ላይ ማስሮጥ አላዋቂነት ነው።

በዚያ ላይ ጥቅምም የለውም። ክብደት የሚለካው በውድድሩ ዕለት ጠዋት ነው፣ 30 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ምንጣፍ ላይ ይወጣል፣ የጠፋው ውሃ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይመለስም። ለሁለተኛ ቀን ያለፈ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይመዘናል፣ ያኔ 15 ደቂቃ ነው። ሁለት ጠዋት ሙሉ ደርቆ የቆየ ልጅ በሁለተኛው ዙር እግሩን ማንሳት ያቅተዋል።

ሚዛን ካልኩ፣ 91 ያለው የትኛው ሚዛን ነው? ሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ልጆች ይዘው የሚቀመጡት ከሆነ አልቀበለውም። ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ ስፕሪንጉም ደክሟል። በ91 እና በ92 መካከል ያለችው አንድ ኪሎ ብቻ ስለሆነች ዲጂታል ሚዛን ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው ይለኩት፣ ምንጣፍ ላይ አይሁን። ሚዛኑን ለመፈተሽ ልጁ አንዴ ባዶውን ይውጣ፣ አንዴ ስድስት ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ይዞ ይውጣ፤ ልዩነቱ 12 ኪሎ ከትንሽ ፍርፋሪ መሆን አለበት። 11 ወይም 13 ካለ ሚዛኑን ይቀይሩ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከገባ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በውስጥ ሱሪ ይመዘን። ውድድር ላይ ከነማልያው ነው የሚመዘነው፣ ለማልያው ተብሎ የሚቀነስ ግራም የለም።

ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ይቺን ይያዙልኝ። ቤቱ ጾመኛ ከሆነ ልጁ በጾሙ ወር ቀለል ይላል፣ ከዚያ ዶሮውና ቅቤው፣ ጨዋማው ሥጋና ለስላሳው ሲከተል በሦስት ቀን 2 ኪሎ ቢጨምር አይድነቅዎ። አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃ ነው። ፋሲካን አትከልክሉት፣ በዓል ነው። ለስላሳውን ግን ያስቁሙ፤ አንድ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ከባድ ልጅ ደግሞ በቀን ሦስት ይጠጣል። በጾሙም ጊዜ ሽሮና ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ባለበት ይቆይ። ለእንቅስቃሴ ብስክሌት ስጡት። የሀዋሳ መንገድ ሜዳ ነው፣ ጉልበቱን አይጎዳም። ሐይቅ ውስጥ ይዋኝ ለሚሉት ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ።

92 ካለፈ ግን አታባሩት፣ 110 ውስጥ ይግባ። ይህን ስል የሚያስፈራውን አልደብቅም። ከ80 ወደ 92 ያለው ክፍተት 12 ኪሎ ነው፣ ከ92 ወደ 110 ደግሞ 18። 93 ኪሎ ሆኖ ከ109 ኪሎ ጋር ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ልምምዱ ይቀየራል። ፊት ለፊት ደረት ለደረት አይያያዝ፣ በግሪኮ ሮማን ፋንታ እግር መያዝ በሚፈቀድበት ነፃ ትግል ይወዳደር፣ ሰውየውን በጎን እየዞረ ያድክመው። ግጥሚያው 2 ደቂቃ በ2 ዙር ነው፣ በመካከሉ 30 ሰከንድ ዕረፍት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከባዱ ልጅ ይተነፍሳል፣ እግሩ ቀላል የሆነው ያን ጊዜ ነጥቡን ይለቅማል። እኛ ጋ የሚሠሩ ወፍራም ልጆች ገመድ ሲዘሉ ያየ ሰው አፉን ይይዛል፣ የምንመካውም በዚሁ ነው።

የሚያሠለጥኑበትን ወለል ሄደው በእጅዎ ይጫኑት። የትግል ምንጣፍ ውፍረቱ 6 ሳንቲም ገደማ ነው። ብዙ ጂም ውስጥ ያለው ለቴኳንዶ የሚነጠፈው የሚገጣጠም ላስቲክ ነው፣ ከ2 እስከ 2 ሳንቲም ተኩል። በዚያ ላይ 91 ኪሎ ልጅ ተነስቶ ሲጣል ትከሻው ይወጣል። እንዲህ ያለ ወለል ካላቸው መወርወር ቀርቶ በጉልበት ተንበርክከው ይሥሩ። አንገት ላይ ድልድይ መሥራትም (በራስና በእግር ተደግፎ ጀርባን ማንሳት) ለከባድ ልጅ መጀመሪያ በእጅ እየተደገፈ ነው፣ እጅ የሚለቀቀው ከወራት በኋላ ነው። የልምምድ ጓደኛውም ክብደቱ የተቀራረበ ይሁን። እኩያ ሲጠፋ 60 ኪሎ ልጅ እየሰጡት ከሆነ ሁለቱንም እያበላሹ ነው፦ አንዱ ይሰበራል፣ ሌላው ተጭኖ ማሸነፍ ብቻ ይማራል።

ጉልበቱን ወይም ብሽሽቱን አመመኝ ካለ፣ ሳይወድቅ ካነከሰ፣ እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ ወጌሻ ጋ አይውሰዱት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ከባድ ልጆች ላይ የጭን አጥንት ራስ ከዕድገት መስመሩ ይንሸራተታል፤ ሕመሙ ጉልበት ላይ ይሰማል፣ ችግሩ ግን ዳሌ ላይ ነው። ታሽቶ እንዲራመድ ከተደረገ ይብስበታል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፣ የዳሌ ራጅ ብለው ይጠይቁ። የጉልበት ራጅ ብቻ አንስተው «ደህና ነው» ቢሏችሁ አትመለሱ።

ለሚዛኑ ጠዋት፦ ጥፍሩ እስከ ሥጋው ይቆረጥ። ከመመዘኑ በፊት ሐኪም ቆዳውን ያያል፤ ጭርት፣ እከክ ወይም ቁስል ካለ ሊመልሰው ይችላል። ከባድ ልጅ ብብቱና ብሽሽቱ ስለሚረጥብ ጭርት አይጠፋውም፣ ከአሁኑ ያሳዩት። ቆዳ ላይ ያለው መድኃኒት ከጀመረ ቢያንስ ሦስት ቀን ያስፈልገዋል፣ ራስ ላይ የወጣ ቆረቆር ግን የሚዋጥ መድኃኒትና ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቋቁቻ ብቻ ከሆነ እንደ ጭርት እንዳይቆጠርበት ከሐኪም አጭር ወረቀት ያጽፉለት። የልደት ወረቀቱን ዋናውንና ቅጂውን፣ የታሸገ ውሃ፣ ሙዝና ዳቦ ይያዝ፤ ከሚዛን እንደወረደ ይብላ። ማልያውን ዛሬውኑ ይፈልጉ፣ በእሱ ልክ ገበያ ላይ ቶሎ አይገኝም፣ ልብስ ሰፊ ጋ ማሰፋት ካስፈለገም አንድ ሳምንት ይወስዳል።

የፈረንጁ ዓመት 2011 ተብሎ ተሳስቶ ከተጻፈ እዚሁ ጻፉልኝ፣ የማስተካከያ ማመልከቻው ላይ ምን ምን እንደሚገባ እነግርዎታለሁ።