መልስ፦ ሊስቱ ገብቶ ውስጡ አልከፈትም ላለህ

ሰላም ወንድሜ። «ኦርደር የሚለውን ጃቫቢን ዳታ ሞዴል አድርጌ ሳስገባ ስሙና ቀኑ ይመጣል፣ አይተምስ ግን ውስጡ አይከፈትም» ብለሃል። ጃቫቢን ማለት መረጃውን በጌተርና በሴተር የሚሰጥና የሚቀበል የጃቫ ክላስ ነው። መጀመሪያ ጌተሩን፣ ማለትም አይተምስን የሚመልሰውን ሜተድ እይ። የሚመልሰው ሊስት ብቻ ነው ወይስ ሊስት<አይተም>? ሊስት ብቻ ከሆነ ሞዴሉን የምታስገባበት መሣሪያ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ብዙ ሰው «ጄኔሪክስ (ከሊስት ቀጥሎ በቅንፍ የሚጻፈው የይዘቱ ዓይነት) ኮምፓይል ሲደረግ ይጠፋል» ይላል። ልክ ነው፣ ግን የሚጠፋው ከኦብጀክቱ ላይ ነው። ሜተዱ ላይ የተጻፈው ዓይነት ክላስ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፣ ሪፍሌክሽንም (ፕሮግራም የክላስን አወቃቀር የሚያይበት የጃቫ መንገድ) የሚያነበው እሱን ነው። ስለዚህ ፊልዱ ላይ በትክክል ጽፈህ ጌተሩን እንዳለ ከተውከው ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። እኔም ግማሽ ቀን የፈጀሁት እዚችው ላይ ነው።

ሴተሩንም (እሴቱን የሚያስገባውን ሜተድ) ተመልከት። መጨረሻው ላይ ራሱን ኦብጀክቱን የሚመልስ ከሆነ ቮይድ (ምንም የማይመልስ) አድርገው። ጌተርና ሴተር የሚለየው የጃቫ ኢንትሮስፔክተር እንደ ሴተር ስለማይቆጥረው አይተምስ ንባብ ብቻ ሆኖ ይገባል። የአይተም ክላስም ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግበት ቦታ) ላይ መኖር አለበት።

ከዚያ ጃሩን (ክላሶቹ የታሸጉበትን ፋይል) እንደገና ሠርተህ ሞዴሉን አጥፋና ድጋሚ አስገባው። አንዳንዱ መሣሪያ የድሮውን ይዞ ይቀራል። አሁንም እንቢ ካለህ ጌተሩን ኮፒ አድርገህ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።