የታይሮይድ ካንሰር ቀዶ ጥገና፦ በአፍ፣ በብብት ወይስ በአንገት? (ጥያቄና መልስ)

የአንገት ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ በአንገት ፊት ስላለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር የቡድኑ አባላት ጠይቁኝ። የአልትራሳውንድና የናሙና ውጤት ሳትይዙ ግን «ለእኔ የቱ ይሻላል?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከሁሉም የቱ ይሻላል?
መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? የካንሰሩ እብጠት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ከታይሮይዱ ሽፋን ወጥቷል? የአንገት ጎን ንፍፊቶች ጋ ደርሷል? ደርሶ ከሆነ ስለ ጠባሳ አናወራም፤ በአንገት ተከፍቶ ይጠረጋል።

ጥያቄ፦ በአፍ በኩል እንዴት ይወጣል?
መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣልኝ! የታችኛውን ከንፈርህን ገልበጥ አድርገህ ከጥርሱ ፊት ያለውን እጥፋት በመስታወት እይ። ሦስት ቀዳዳ እዚያ ይከፈታል፤ የመሃሉ ለካሜራ፣ የግራና የቀኙ ለመሣሪያ። ከአገጭ ጀምሮ እስከ አንገት ግርጌ ቆዳው ከሥሩ ተላቆ ቦታው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። የታይላንዱ ሐኪም አንጉን አኑዎንግ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያዎቹን 60 ታካሚዎች ውጤት ካሳተሙ ወዲህ በብዙ አገር ተለምዷል። ውጭ ላይ ጠባሳ የለም። አገጭና ከንፈር ግን ሊደነዝዝ ይችላል። የተቆረጠው ታይሮይድ በከረጢት ሆኖ በዚያች በመሃሏ ቀዳዳ ነው የሚወጣው፤ ተለቅ ካለና ሲጎተት ከተቀደደ የካንሰሩ ሕዋስ መንገድ ላይ ሊዘራ ይችላል።

ደግሞ ይህን «አነስተኛ ቀዶ ጥገና» የሚሉትን ነገር ተዉኝ! ትንሽ የሆነው ቀዳዳው ነው። በብብት ሲገባማ ከብብት ተነስቶ በደረት ጡንቻ ላይ እስከ አንገት ድረስ ይላቀቃል። ጠባሳ መደበቅና ቁስል ማሳነስ ለየቅል ናቸው። በእውነት አነስተኛው የጣሊያኑ ፓኦሎ ሚኮሊ ዘዴ ነው፤ አንገት ላይ 2 ሳ.ሜ ገደማ ተከፍቶ በካሜራ ይሠራል። እሱን ግን ማንም አይጠይቀኝም።

አንድ አባል፦ ሮቦት እያለ ምን አስጨነቀን? እጁ አይንቀጠቀጥም።
ሌላ አባል፦ በአሜሪካ የሮቦቱ አምራች ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለታይሮይድ ቀዶ ጥገና የሚሰጠውን ድጋፍ አቋርጧል እኮ።
አንደኛው፦ ኮሪያዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እየሠሩበት ነው!
መልስ፦ ሮቦቱን የሚነዳው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ስንት ሰው እንደሠራ ጠይቁ። በዚሁ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ድምፄ ይጠፋል?
መልስ፦ በየትም ይገባ፣ የድምፅ ነርቭ ያው ከታይሮይድ ዕጢው ኋላ ነው ያለው። ስጋቱ በሁሉም አለ።

ጥያቄ፦ የእናቴ 0.8 ሳ.ሜ ፓፒላሪ ነው። የግድ መሠራት አለባት?
መልስ፦ ፓፒላሪ በብዛት የሚታየው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ነው፤ የግድ ላይሆን ይችላል። የጃፓኑ ኩማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ 1 ሳ.ሜ የማይሞላውን፣ ያልተሰራጨውን በአልትራሳውንድ ይከታተላል። ከነርቩ ወይም ከአየር ቧንቧው ከተጠጋ ግን ሌላ ነው። ውጤቷን ይዘሽ ሐኪሟን አነጋግሪ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ በአፍ ነው በብብት የሚሻለው?
መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ከተሠራሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ጣቶቼንና የከንፈሬን ዙሪያ ይወርረኛል።
መልስ፦ የደምሽ ካልሲየም ወርዶ ይሆናል። እዚህ አትጻፊ፤ አሁኑኑ ሄደሽ ተለኪ።