መልስ፦ ራሴ ኤልጂቢቲ ሳልሆን ስለ ደጋፊነቴ መጻፍ

«እኔ ኤልጂቢቲ ሳልሆን ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለ ደጋፊነቴ ብጽፍ ያስኬዳል ወይ?» ላልሽው፣ ያስኬዳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ በላክሽልኝ ረቂቅ ላይ፣ ኮመን አፕ (ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ለድርሰቱ ከሚፈቅድልሽ 650 ቃላት አብዛኛውን የኤልጂቢቲ ጓደኛሽ ታሪክ በልቶታል። የምታመለክቺው ደግሞ አንቺ ነሽ።

«ሁሉንም ሰው እደግፋለሁ» የሚለውን ሰርዢው። በአንድ መስመር ያለፍሽውን የቡናውን ቀን አስፊው፦ አክስትሽ እንደ ጓደኛሽ ባሉ ልጆች ስትቀልድ ስኒሽን ይዘሽ ዝም ያልሽበትን። ለምን ዝም አልሽ? በሌላ ጊዜስ ምን አልሽ? ድርሰትሽ እዚያ ጋ ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን፣ ጓደኛሽ ኤልጂቢቲ መሆኑን ለቤተሰቡ ካልተናገረ መጀመሪያ አስፈቅጂው፤ ማንነቱ የሚታወቅበትንም ሁሉ ከድርሰቱ አውጪ። እኔ እንዲህ ያለ ድርሰት ስጽፍ የጓደኛዬን ስም ብቻ ቀይሬ ረቂቄን ለአንዲት ዘመዴ ለእርማት ሰጠኋት። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ይሄ መዘምራን ውስጥ ያለው ልጅ አይደል?» አለችኝ።