መልስ፦ ጀማሪ በ48 ሰዓት ጌም ይሠራል ወይ?
"ሦስታችንም ኮድ ገና እየጀመርን ነው፤ ሐዋሳ ላይ በ48 ሰዓት ሃካቶን (በቡድን ፕሮግራም የመሥራት ውድድር) የድሮ ዓይነት ጌም እናደርሳለን ወይ?" ላልከው፦ ታደርሳላችሁ፣ ግን ዩኒቲን (ትልቁን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ለጊዜው እርሱት። ቲክ-80 (TIC-80) የሚባለውን ትንሽ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም አውርዱ። ነፃ ነው፤ ስክሪኑ 240 በ136 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ)፣ ቀለሙ 16 ብቻ። የሚያድናችሁም ይኸው ጥበቱ ነው፤ አንዱ ትንሽ ሥዕል 8 በ8 ፒክስል ነው፣ እዚያ ላይ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። ሥዕሉም ድምፁም ኮዱም እዚያው ይሠራል።

እኛ አምና የአሞራ ገደሉን (የሐዋሳውን የዓሣ ገበያ) መላጣ አሞራ በጌም ሠራን፤ የዓሣ ጭንቅላት ሲወረወርለት ዘሎ ይቀልባል፣ በቃ። ግማሽ ቀን የበላብን አሞራው አየር ላይ እንዳለ ደግሞ መዝለሉ ነበር። ለካ "እግሩ መሬት ነክቷል?" ብላ የምትጠይቅ አንዲት መስመር ረስተናል! መጀመሪያ ባዶ ካሬ ይዝለልላችሁ፤ ክንፉ ይደርሳል። ደግሞ መብራት አይታመንም፣ በየሰዓቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።