መልስ፦ ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቅሽ እህቴ

እህቴ፣ «በስብሰባ ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም እኔን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል» ያልሽው ገብቶኛል። ባሕር ዳር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ጣና ዳር ሻይ ቤት ተቀምጬ አስተናጋጁን መጥራት ስላልደፈርኩ ምንም ሳላዝዝ የወጣሁበት ቀን አለ።

እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ከስብሰባ በፊት «ይስቁብኛል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስመለስ በትክክል የሆነውን ከሥሩ አሰፍራለሁ። ከወር በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ግምቴ የሠመረው ከስንት አንዴ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ሕክምና መሠረቱም ይኸው ነው፤ ሐሳብን እንደሚፈተን ግምት እንጂ እንደ ተረጋገጠ እውነት አለመቀበል።

በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሰው መሀል የገቡ ተማሪዎች፣ በቦታው ከነበሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን ያስተዋሉ መስሏቸው ነበር። ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ስትናገሪ የራስሽን ድምፅ አታዳምጪ፤ ጆሮሽን ለጠያቂው ስጪ። ከትንሹ ጀምሪ፤ ነገ ገበያ ላይ የማትገዢውን ዕቃ ዋጋ ጠይቂ። ጭንቀቱ ከሥራ እስከ መቅረት ካደረሰሽ ግን ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ፤ እባክሽ አትዘግዪ።