የጎረቤት ምጣድ

እህቴ፣ ስደተኛ ሆነሽ ኖርዌይ ገብተሽ፣ በሰሜን ጫፏ ፊንማርክ ውስጥ 2,000 ሰው የማይሞላበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲመድቡሽ፣ ኦስሎ ያሉት ሁሉ «ምን በድለሽ ነው?» ይሉሻል። እኔንም ብለውኛል። ይኸው 11 ዓመት ኖርኩበት።

የማይቀረውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም። ቀትር ላይ ሰማዩ ወገግ ይልና መልሶ ይጨልማል። በዚያ ሰሞን ትንሹ ነገር ሁሉ ያስለቅስሻል፤ ስለዚህ ስለ ትዳርም ስለ ኑሮም ቁርጥ ውሳኔ አትወስኚ። «ትራን» የሚሉትን የዓሣ ጉበት ዘይት ጠጪ። ኖርዌጂያኖቹ ስማቸው ውስጥ «ር» ባለባቸው ወራት፣ ማለትም ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል፣ ይወስዱታል። ይቀፋል፤ ይለመዳል።

ኦስሎ ልግባ ብለሽ ሻንጣ ከመሸከፍሽ በፊት ደግሞ የኮሙነ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት፣ አማካሪሽን ጠይቂ። ለአዲስ ስደተኛ የሚሰጠውን የመግቢያ ፕሮግራም ሳትጨርሺ በራስሽ ፈቃድ ከሄድሽ አዲሱ ኮሙነ ሊያስቀጥልሽ አይገደድም፤ ትምህርቱም ወርሃዊ ክፍያውም ሊቋረጥብሽ ይችላል።

ጓደኛን በተመለከተ፣ እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተሳስቻለሁ። ቡና አፍልቼ፣ ፈንዲሻ አቅርቤ ፊት ለፊቴ ያለችውን ሴትዮ ጠራኋት። መጣች፣ ሁለት ሲኒ ጠጣች፣ አመስግና ሄደች። በረካውን ሳትጠጣ! ከዚያ በተራዋ ትጠራኛለች ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ናቀችኝ ብዬ ተቀየምኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እዚህ ሰው ተፋጥጦ መጨዋወት ይከብደዋል። እጁ ሥራ ሲይዝ ነው አፉ የሚፈታው።

ይህን ያስተማረኝ ምጣድ ነው። የጤፍ ዱቄት ከኦስሎ በፖስታ አስመጥቼ በመጥበሻ ስጋግር፣ የሚወጣው እንጀራ የሕፃን መዳፍ ያህላል። ቋንቋ የምንለማመድበት ካፌ ውስጥ ይህንኑ ሳወራ አንዲት አሮጊት «እኔ ታከ አለኝ» አሉ። ታከ ማለት ሌፍሰ የሚባለውን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የጎደለው አክንባሎ ብቻ! የትልቅ ድስት ክዳን ደፋሁበት። ሦስቱ እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ አራተኛው ሲያወጣ አሮጊቷ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። በሳምንቱ «ነይ ሊጥ ዳምጪልኝ» ብለው ጠሩኝ። ባላቸው ባሕር ላይ እንደቀሩ የነገሩኝ ያን ቀን ነው፤ ዓይኔን ሳያዩ፣ መዳመጫውን ሳያቆሙ።

እናም ከመጋበዝሽ በፊት ዕቃ ተዋሺ፤ ሹራብ መሥራት አሳዩኝ በያቸው። ከ1946 ጀምሮ ያለው የገጠር ሴቶች ማኅበር በመንደርሽ ቅርንጫፍ ካለው ግቢ፤ ቋንቋሽ ይሰባበር፣ ግድ የለም፣ ዋፍል ለመጋገር ሰዋስው አያስፈልግም። «ዱግናድ» ሲባል ደግሞ እንዳትቀሪ። የኛው ደቦ ነው፤ መጥረጊያሽን ይዘሽ ውጪ። የቀረ ሰው ምንም አይባልም፣ ግን አይረሳለትም።

በመንደሩ ያለችው ሌላዋ አበሻ አንዲት ኤርትራዊት ብቻ ከሆነች፣ ፖለቲካውን ከደጅ ተዉት። ምጥ ሲይዝሽ ሐኪም ቤቱ በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል፤ በበረዶው መንገድ እጅሽን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት።

ታከውን ሁለቴ ልመልስላቸው ሄጄ ነበር። ሁለቴም «ምን ያስቸኩልሻል?» ብለው አሸክመው መለሱኝ።