የልጄ ጥርስ የሚበላው መከላከያው ደክሞ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ መጀመሪያ ድዱ ሥር ነጭ ነጭ አሉ፤ አሁን ቡኒ ሆነው መሸራረፍ ጀምረዋል። የሚተኛው ወተት በስኳር ጡጦ ይዞ ነው። ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ስለሚይዘው ጎረቤቶቼ «የበሽታ መከላከል አቅሙ ደክሞ ነው፣ ቫይታሚን ግዢለት» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ የወተት ጥርስ መውደቁ ላይቀር ምን ያስጨንቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ የቫይታሚኑን ብር ለጊዜው ያዢው። በዚህ ዕድሜ ጉንፋን መደጋገሙ የተለመደ ነው። ጥርሱን እየጎዳ ያለው ጡጦው ነው።

ሰውነታችን ሲቆስል ነጭ የደም ሴሎች በደም በኩል ይደርሳሉ። የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለው፣ ግን ደም ሥርም ሕያው ሴልም ስለሌለው ከውስጥ የሚደርስለት የለም፤ ያለው ጠባቂ ምራቅ ነው። ምራቅ ውስጥ አይጂኤ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ባክቴሪያዎች ጥርስ ላይ እንዳይጣበቁ ያግዛል። ምራቁ ራሱም የአሲዱን ኃይል ያዳክማል፣ የተሸረሸረውን ካልሲየም ይመልሳል።

ልጅ ሲተኛ ግን ምራቁ በጣም ይቀንሳል። ጣፋጩ ወተት ደግሞ ጥርሱ ላይ እንደተኛ ያድራል፣ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ ይሄ በየሌሊቱ ሲደጋገም መከላከያው የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አይችለውም። እስቲ የታችኛውን ከንፈሩን ገለጥ አድርጊና እዪ። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ ምላሱ ይሸፍናቸዋል፣ ምራቅ የሚያመነጩ እጢዎችም እዚያው ሥራቸው ናቸው። ችግሩ የመከላከያ ድክመት ቢሆን ኖሮ ላይኛውን መርጦ አይመታም ነበር።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስኳሩን ተዪው። ወተቱን ከመተኛቱ በፊት ይጠጣ፣ ከዚያ ጥርሱን ራስሽ ቦርሺለት፣ ሌሊት ከጠማው ውኃ ብቻ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃዋል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው አተር የምታህል ታደርጊለታለሽ። (የምትኖሪው እንደ ዝዋይ ወይም መተሃራ ውኃው ፍሎራይድ በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።) ነጭ የሆነው ቦታ ገና ስላልተቦረቦረ ሊያገግም ይችላል፤ የተሸረፈው ግን በብሩሽ አይመለስም፣ ጥርስ ሐኪም ይየው።

«ይወድቃል» ላልሽው፣ የኋላ የወተት መንጋጋዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ብልሽቱ ነርቩ ጋ ከደረሰ ልጁ መብላትና መተኛት ያቅተዋል፣ ከሥር የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። የሰውነት መከላከያ በደንብ የሚነሳው ያኔ ነው፦ ድዱ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ቤት ውስጥ የሚነቅል ሰው እንዳትጠሪ። ጉንጩ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።